ነፋሱ ይተኛል፤ ምንጭ፦ እማማ ትርንጎ

አንዳርጌ እባላለሁ። በቀጤማ ከተማ የጀልባ ወደብ ላይ ምንጭ ለጣፊ ነኝ። ምንጭ፦ መታወቂያዬ። ቋንቋ፦ አማር።

ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ሁሉ «ማን አለ? በምን ቋንቋ አለ?» እያልኩ ስለጥፍ ስለኖርኩ፣ ያለ መለያ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያለ ሱሪ ገበያ የመውጣት ያህል ያሳፍረኛል። እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2095 ዓመተ ምሕረት አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ሥጋ ሻጩ «የወይፈን ነው» ካለ ምንጩን ከሚዛኑ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ገዢውም ሳያነብ ቦርሳውን አይፈታም። ሽማግሌ ሲላክ «ልጁ ጨዋ ነው» ብሎ ነገር የለም። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ምንጭ፦ የግቢ ጎረቤት፤ ቋንቋ፦ ጉራ» ይባላል፤ የልጅቷም አባት ጎረቤቲቱን አስጠርቶ በጉራጊኛ ያስደግማታል። ቀብር ላይ «ደግ ነበር» ለማለት ሦስት ምንጭ ያስፈልጋል። ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ ሁለት ብቻ ተገኝቶለት «ደግ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ተቀበረ።

ለእያንዳንዱ ቋንቋ አጭር ኮድ ተሰጥቶታል። አማር፣ ኦሮም፣ ሲዳማ፣ ሶማል እያለ ከሰማንያ በላይ ይወርዳል። የአየር ትንበያው ማሽን እንኳ የራሱ ኮድ አለው፤ «ቁጥር» ይባላል። ከዝርዝሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ድምፅ» የሚል አለ። ቋንቋ የሌለው ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ የውሻ ጩኸት፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ የድስት ክዳን መውደቅ። «ድምፅ» የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ከ«ድምፅ» በላይ፣ ከታች ሁለተኛው፣ «ዱንገ» ነበር።

ዱንጌ ከወደባችን ፊት ለፊት፣ በጀልባ አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ ደሴት ነው። ዱንግኛ የሚናገሩት ስልሳ አንድ ሰዎች ናቸው። ከስልሳ አንዱ ደግሞ ሐይቁን የሚያውቁት፣ ነፋስ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚተኛ የሚጠየቁት አንዲት ሴት ናቸው፤ እማማ ትርንጎ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ምላሳቸውም እንደዚያው።

በነሐሴ አጋማሽ ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መጣልኝ። «ዱንገ፦ በአምስት ዓመት ውስጥ የተመዘገበ ጥቅስ፦ ዜሮ። ኮዱ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። የተናጋሪዎቹ ቃል ወደ ‹ድምፅ› ይዛወራል።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ዜሮ? ዓሣ አጥማጆቹ በየማለዳው ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው «ነፋሱ እስከ አምስት ሰዓት ይተኛል፤ እማማ ትርንጎ ናቸው ያሉት» ይሉኝ የለም እንዴ? መዝገቡን ከፍቼ ፈለግሁ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ጊዜ አገኘኋቸው። በአንድ ሺህ አንድ መቶ አራቱም ላይ፣ በእኔ በአንዳርጌ እጅ፣ «ቋንቋ፦ አማር» ተብሎ ተለጥፏል።

አማር ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው ያለው፤ ጣት ሲነካው ያልቃል። ዱንገ ዘንድ ለመድረስ ግን እስከ ታች መግፋት፣ ከዚያም የተናጋሪዋን ቃል በራሷ አንደበት መቅዳት ያስፈልጋል። ወረፋው ረጅም ነው፣ አጥማጁ ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ያን ዕለት ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ።

ላርመው ብል አልሆነም፤ ድምፅ ያልተቀዳበት መለያ አይታረምም። እማማን አስጠርቼ አንድ ነገር ላስብላቸውና ልለጥፍ ብል ደግሞ ደንቡ ይከለክላል። ኮድ ለማትረፍ ተብሎ የተጠቀሰ ጥቅስ አይቆጠርም፤ ጠቃሹ ነገሩ በእርግጥ የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ሐይቁም ዓሣ ይራባ ተብሎ ከሐምሌ ጀምሮ ለአጥማጆች ዝግ ነበር። ነፋስ የቸገረው ሰው አልነበረም። ጳጉሜ ገባ፤ አንድ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። በአምስተኛው ቀን ማታ ኮዱ ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ። እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ወደብ ስደርስ መግቢያ የለም። መቶ ሃያ ሰው፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ የተቆጣ በግ እና አንዲት ሙሽራ ወረፋውን ሞልተውታል።

ጳጉሜ ስድስት የዱንጌ የሰርግ ቀን መሆኑን ረስቼው ነበር። ደሴቲቱ ላይ ሰው የሚዳረው በዚህች ቀን ብቻ ነው። ቀኗ በየዓመቱ ስለማትገኝ በዚህች ቀን የተጋባ ትዳር ቶሎ አያረጅም ይላሉ። ባሎቹ ደግሞ የጋብቻ በዓል በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚከበር ይወዱታል። ምንጭ፦ ገዳሙ የሚባል ጀልባ ነጂ፣ ሚስቱ በሌለችበት።

ሙሽራዋ ብሌን የከተማችን ልጅ ናት። ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ የላስቲክ ቦት ተጫምታ ጠረጴዛዬን ተደግፋ ቆማለች። ሙሽራው ደሴቱ ላይ እየጠበቃት ነው። እሱ የእማማ ትርንጎ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ እማማም በወጉ መሠረት ሙሽራ ሊቀበሉ ከትናንት ወዲያ ተሻግረው መጥተዋል።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ይፍቱንና እንሂድ» አለች ብሌን።

ሰሌዳውን አሳየኋት። «ቀይ ማስጠንቀቂያ። ነፋስ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጀልባ አይፈታም። ምንጭ፦ ሞዴል። ቋንቋ፦ ቁጥር።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀኑ አለቀ እኮ! ዛሬ ካልተሻገርኩ አራት ዓመት ልጠብቅ ነው?»

«ልጄ፣ እኔ ነፋሱን አላዘዝኩት።»

ይኼኔ ከኋላ እማማ ትርንጎ ሰዉን በከዘራቸው እየገፉ መጡ። ሐይቁን አላዩም፤ ከመቃው አጠገብ የተሰበሰቡትን ይብራዎች አዩ። ወፎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ደሴቱ አዙረዋል።

«አራት ሰዓት ላይ ይተኛል» አሉ። «እስከ ስድስት ሰዓት አይነሣም። በሉ ከበሮውን አታርጥቡት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በቀይ ቀን አንድ መውጫ አለ፤ ሐይቁ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ከሞዴሉ ጋር ካልተስማማና ቃሉ በሙሉ መለያ ከገባ፣ ጀልባ ይፈታል። አጥማጆቹም ማስጠንቀቂያው ቀለል ባለበት በቢጫ ቀን ሲጠቀሙበት የኖሩት ይህንኑ ነው። ጣቴ ወደ «አማር» ሄደች። ከዚያ ቆመች።

ከዝርዝሩ መጨረሻ እስክደርስ ገፋሁ። «ዱንገ» የነበረበት ባዶ ነው። ስሙን በእጄ ጻፍኩት። «የተዘጋ ኮድ» አለኝ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነሣችው ናርዶስ የምትባል የኮድ ሹም ናት፤ በሥራ እንጂ በአካል አንተዋወቅም።

«ዱንገ ትናንት ተዘግቷል፣ አቶ አንዳርጌ» አለችኝ። «የዓመቱ መጨረሻ ነዋ።»

«ዓመቱ አለቀ?»

«ጳጉሜ አምስት አለቀ።»

«ታዲያ ዛሬ ስንት ነው?»

ከኋላዋ የሆነ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«ወይ ጉዴ!» አለች ናርዶስ። «ሉቃስ!»

«ሉቃስ ነዋ!»

ሦስት ዓመት በተከታታይ ጳጉሜ አምስት ላይ ሲዘጉ ኖረው እጃቸው ለመደ። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ መሆኑን፣ ጳጉሜም ስድስት መሆኗን ያስታወሰ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ሆነው የአገሩን ቋንቋ ሁሉ ሲቆጥሩ ጳጉሜን መቁጠር ረሱ። እኔም ብሆን ጠረጴዛዬ ፊት ሙሽራ እስክትቆም ድረስ ትዝ አላለኝም፤ ስለዚህ ብዙም አልፎክር።

«እከፍተዋለሁ» አለች ናርዶስ፣ ሳቋን እየዋጠች። «እስከ ማታ አሥራ ሁለት። ግን ጥቅሱ የእውነት ይሁን፤ ለማትረፍ ብቻ እንዳይሆን።»

«መቶ ሃያ እድምተኛ ነፋስ ላይ ቆሞ እያንቀጠቀጠው ነው። ከዚህ የበለጠ የእውነት ከየት ላምጣልሽ?»

ኮዱ ተመለሰ። መቅጃውን እማማ ትርንጎ ፊት አስቀመጥኩና ያሉትን በዱንግኛ እንዲደግሙት ለመንኳቸው። ጀልባ ነጂው ገዳሙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይተረጉምልኛል።

ሁለት ቃል ብለው የሚጨርሱ መስሎኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ቃላቸውን ስለጥፍ አንድም ቀን በራሳቸው ቋንቋ ሰምቼው አላውቅምና፣ ከንግግሩ በፊት የሚመጣውን አላወቅሁም። ዱንጌ ላይ ስለ ሐይቁ የሚናገር ሰው በመጀመሪያ ያስተማረውን ይጠራል፤ ያስተማረውን ያስተማረውንም ይጠራል። ማንንም መዝለል ነውር ነው።

«ይህን ከአክስቴ ከወለተሐና ሰማሁ» ብሎ ተረጎመልኝ ገዳሙ። «ወለተሐና ከጀልባ ሠሪው ከሐብቴ ሰማች። ሐብቴ ከሽቱ ሰማ፤ ሽቱ ዓይነ ስውር ነበረች፣ ነፋሱን በጉንጯ ነበር የምታውቀው። ሽቱ ከዳምጠው ሰማች። ዳምጠው ከእናቱ ከትኩ ሰማ። ትኩ ከገብረዋሕድ ሰማች። ገብረዋሕድ ከሐይቁ ሰማ።»

«ሐይቁስ ከማን ሰማ?» አልኩ፤ ሙያ ነው።

እማማ ይህን በአማርኛ መለሱልኝ። «ሐይቁ አይጠቅስም። ይጠቀሳል።»

ቅጹ ለምንጭ አንድ ሳጥን ነው ያለው። ሌላ ጨመርኩ፤ ሌላም ጨመርኩ፤ ስምንት ሆኑ። ለእያንዳንዱ ሰው «ዱንገ» አልኩ። ለሐይቁ የቋንቋ ኮድ ሲጠይቀኝ «ድምፅ» አልኩና፣ ያ ኮድ ከተፈጠረ ጀምሮ በክብር የዋለው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ከማተሜ በፊት ግን ሆዴ ውስጥ ያለው አላስቻለኝም።

«እማማ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። እስከ ዛሬ ቃልዎን ሁሉ አማርኛ ነው እያልኩ ነው የለጠፍኩት። ኮዱ ሊዘጋ የደረሰው በእኔ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት።»

ከዘራቸውን ተደግፈው አስተዋሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እንዲህ ያለ የአማርኛ ሊቅ መሆኔን አላውቅም ነበር!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። ገዳሙ በዱንግኛ ለኋለኞቹ ነገራቸው፤ ሳቁ በሰልፉ ውስጥ እስከ በጉ ድረስ ሄደ። ሲበቃቸው ግን እጄን ያዙኝ። «አየህ ልጄ፣ እኔ ስሜ ቀረ ብዬ አይደለም። እኔን ስትዘል ሽቱን ነው የዘለልከው። ያቺ ዓይነ ስውር በጉንጯ የለቀመችውን ነው የጣልከው። በል አሁን አትም።»

አተምኩ። ሰሌዳው ቀዩን ሳይለቅ ከሥር አንድ መስመር ጻፈ፦ «በሰው ምንጭ ተፈቅዷል። ለጣፊው በመጀመሪያው ጀልባ ይሳፈራል።»

ይህን አንቀጽ አውቀዋለሁ። በቀይ ቀን ሰው ያመነ ለጣፊ፣ እምነቱን ይዞ ይሳፈራል። እስከ ዛሬ በቀይ ቀን አምኜ አላውቅም፤ ቢጫ ነበር ልኬ። አንድ ሌላ ነገርም ልናገር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወደብ ላይ ስሠራ ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም። ዋና አልችልም። ምንጭ፦ ራሴ፤ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ተሳፈርን። ነፋሱ እንደነበረ ነው። ጀልባው ገና ታስሮ ሳለ ወደ ላይ ያነሣናል፣ ወደ ታች ይጥለናል። እኔ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ የማውቀውን መልአክ ሁሉ በስሙ እየጠራሁ ነበር። ከፊቴ ብሌን ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እማማ ትርንጎ በመካከላችን ሆነው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

አራት ሰዓት ሆነ። ምንም የለም።

አራት ሰዓት ከአምስት። ገዳሙ ገመዱን እንደያዘ እማማን አየ። እማማ ቆሎ ዘረጉለት።

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ አንድ ትልቅ ማዕበል መጥቶ ከወገቤ በታች አራሰኝ። «እማማ፣» አልኩ፣ «ወለተሐና በእርግጥ አራት ሰዓት ነው ያለችው?»

«ወለተሐና ሰዓት አልነበራትም» አሉ። «ዝም በልና በጉንጭህ ስማ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉንጬ ላይ የነበረው ግፊት ሳሳ። ከዚያ የብሌን ቀሚስ መርገብገቡን አቆመ። ከዚያ ከበሮዎቹ ዝም አሉ፤ ለካ ከበሮውን ሲመታ የቆየው ነፋሱ ራሱ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ሐይቁ ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ለጥ ብሏል።

«ተኛ!» ብላ ብሌን ብድግ አለች። «ተኛ! ተኛ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላውቀውም። እልልታው ከወደቡም ከጀልባውም በአንድ ላይ ፈነዳ፤ ገዳሙ ገመዱን ለቀቀ፤ በጉ ጮኸ። አርባ ደቂቃ ሙሉ እየዘፈንን ሄድን። እኔም በማላውቀው ቋንቋ ስቀበል ነበር፤ እንባዬም ይወርድ ነበር፤ አልደብቀውም፤ ደስ ብሎኝ ነው። ዞር ብዬ ወደ ወደቡ ሳይ የእኔ ሰሌዳ አሁንም ቀይ ነው። እስከ ማታም ቀይ እንደሆነ ቆየ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻው ጀልባ ደረሰ። ወዲያው ነፋሱ ተነሥቶ የድንኳኑን ገመድ ይስብ ጀመር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ሙሽራው ብሌንን ከነቦቷ ተሸክሞ አወረዳት፤ ተዳሩ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። እድምተኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ከተማ ለቀረው ዘመዱ ይነግራል። «ነፋሱ ተኛልን!» «ማን አለ?» «እማማ ትርንጎ አሉ፤ በዱንግኛ!» የዱንጌ ሰዎችም እስከ ዛሬ ለአጥማጅነት ፈቃድ፣ ለሐኪም፣ ለዳኛ «አማር» እያሉ ሲለጥፉ የኖሩት፣ የራሳቸውን ኮድ ፈልገው ማግኘት እንደ ጨዋታ ሆነባቸው። አንዱ ሽማግሌ የበጉ ሥጋ ጨው በዝቶበታል የሚለውን በዱንገ ለጠፈ። ምግብ ያዘጋጀችው ሴት መልስ ለጠፈችበት፤ ትርጉሙን ገዳሙ ሊነግረኝ አልፈለገም።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ናርዶስ ናት።

«መዝጊያው ሰዓት ነው» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ሹም ሊሆን ሞክሮ አልቻለም። «አንድ ጥቅስ ነበር የምጠብቀው። ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ነው ያለኝ። አንዱ ስለ ጨው ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ክፍት ነው! የሚዘጋው ምን ሊሆን ነው?» አለች። «አቶ አንዳርጌ፣ እውነት ግን ነፋሱ ተኛ? ሞዴሉ እዚህ አሁንም ቀይ ነው የሚለው። ማን አላቸው ለእሳቸው?»

አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ስልኩን ለእማማ ትርንጎ ሰጠኋቸው። እኔ ከእንግዲህ በመሀል አልቆምም።

እማማ በዱንግኛ ጀመሩ። ወለተሐና፣ ሐብቴ፣ ሽቱ፣ ዳምጠው፣ ትኩ፣ ገብረዋሕድ፤ ስሞቹን እኔም አብሬ በከንፈሬ እላቸው ነበር። ሲጨርሱ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«በይ አንቺ ልጅ፣ ነፋሱ መተኛቱን ከማን ሰማሽ?»

የናርዶስ ድምፅ ከስልኩ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ከእማማ ትርንጎ።»

«እሷስ?»

«ከወለተሐና። ወለተሐና ከሐብቴ። ሐብቴ… ሐብቴ ከዓይነ ስውሯ ከሽቱ። ሽቱ ከዳምጠው…» እዚያ ላይ ጠፋባት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ከእናቱ ከትኩ!» ብሎ ጮኸላት፤ እሷም በሳቅ እየተንተከተከች እስከ ሐይቁ ድረስ ወሰደችው።

«ጎሽ» አሉ እማማ ትርንጎ። «እንግዲህ ለሌላ ስትነግሪ እኔን እንዳትዘይኝ።»

በነጋታው ዘመን ተለወጠ። እኔ በቀጤማ ወደብ ጠረጴዛዬ ላይ አለሁ፤ ወረፋውም እንደ ድሮው ረጅም ነው፤ አሁን ግን ዝርዝሩን እስከ ታች እገፋለሁ። የሚቸኩል ካለ ግድግዳውን ያንብብ። ይህንን ታሪክ ከእኔ የሰማ ሰው ለሌላ ሲያወራ እኔን ቢዘልለኝ አልቀየምም። ሽቱን ግን እንዳይዘል።